ለአባዬ፣ ስለ ውክልናው

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ ደህና ነን። ሲልቨር ስፕሪንግ ብርዱ ገና አልለቀቀም። የልጅ ልጅህ ሁለት የፊት ጥርሷ ወለቀ። «ጣራ ላይ የሚወረውርልኝ አያቴ ነው» ብላ በሶፍት ጠቅልላ አስቀምጣዋለች።

ታናሼ ውክልናውን ስታነሳብህ «ሳልሞት ልትወርሱኝ ነው?» ብለሃታል አሉ። እንደዚያ አይደለም፣ አባዬ። ጡረታህን እንድትቀበልልህ፣ የሰርቪስ ቤቱን ኪራይ እንድትሰበስብ፣ ግብሩን እንድትከፍል ነው። የጉለሌውን ቤት ልትሸጠው አትችልም። ጠበቃ ጠይቄያለሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ደስ ያላለህ ቀን ደግሞ ትሽረዋለህ።

ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ! በ2005 ዓ.ም. ዋሽንግተን ኤምባሲ ተሰልፌ የላክሁልህ ወረቀት «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» ይል ነበር። ሳላነብ ፈረምኩ። ለአባቴ ነዋ! ኮንዶሚኒየሜ መሸጡን ከጎረቤት ሰማሁ። ብሩ ለእማዬ ሕክምና እንደዋለ አውቃለሁ። ብትነግረኝ እኮ እኔው ራሴ ሽጠው እልህ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ አለመንገርህ ነው።

አሁን ግን እኔም የደበቅሁህ ነገር አለ። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ «ወካዩ ችሎታ ቢያጣም ውክልናው ይቀጥላል» የሚል ቃል ታያለህ። ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ተብሎ ካልተጻፈ ያን ጊዜ ውክልናው ይቀራል።

ባለፈው እሁድ ስደውል «እናትሽ ቅዳሴ ሄዳለች፣ ስትመለስ ትደውልልሻለች» አልከኝ። እማዬን ከቀበርናት ስድስት ዓመታችን ነው፣ አባዬ። «እሺ» ብዬ ዘጋሁ። ሌላ ምን እንደምልህ ጠፋኝ። የመኪናዬን መሪ እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ።

ሐሙስ ታናሼ ሰነዶች ማረጋገጫ ትወስድሃለች። ጠዋት ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ደህና ነህ። የመታወቂያህ ጊዜ እንዳያልፍ እይ። መነጽርህን ያዝ። ወረቀቱን አንብበው ገብቶህ እንደሆነ ይጠይቁሃል። እኔ ያኔ ሳላነብ እንደፈረምኩት አትፈርም፤ ያልገባህን አስደግም።

ከመፈረምህ በፊት ደውልልኝ። እዚህ ሌሊት ነው የሚሆነው፤ አልተኛም።