ይድረስ ለጌትዬ፣ ስለጠየቅከኝ መርፌ

ውድ ወንድሜ ጌትዬ፣

እንዴት ከርመሃል? እማማ፣ ባለቤትህ፣ ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ እዚህ ቨርጂኒያ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ያን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን መልእክትህን ሳይ ደስ አለኝ። የተረከዝህ ጅማት ነገር ግን አሳሰበኝ።

«ለጅማቴ ቢፒሲ-157 የሚባለውን የፔፕታይድ መርፌ በሰው ላክልኝ» ብለሃል። አልልክልህም። ሳትቆጣ ስማኝማ።

ፔፕታይድ ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው እያልኩህ አይደለም። እንደ መቁጠሪያ የተሰካኩ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያዎቹ) ናቸው፣ በቃ። እማማ የሚወጉት ኢንሱሊን ከዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ ለስኳር ሕመምተኛ ከተሰጠ ወዲህ ስንቱን አተረፈ! ሰው ሁሉ የሚያወራለት የስኳር መድኃኒት ኦዜምፒክም ፔፕታይድ ነው። ያንተን መርፌ የሚሸጡት በእነዚህ ስም እየነገዱ ነው። እነሱ ያለፉበትን ፈተና ግን አላለፈም።

ቢፒሲ-157 15 አሚኖ አሲዶች ያሉት ነገር ነው። ብዙውን ጥናት የሠሩት የክሮኤሺያዋ ዛግሬብ ተመራማሪዎች ናቸው፤ የተቆረጠ የአይጥ ጅማት ቶሎ ሲያገግም አይተዋል። ያጓጓል፣ አልዋሽህም። በሰው ላይ የተሞከረው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ያግዛል ይላሉ። ለጅማት ጥሩ ነው፤ ሳይታወቅ ለተቀመጠ የካንሰር ዕጢም ደም ቢያደርስለትስ? ብልቃጡ ላይ ደግሞ «ለምርምር ብቻ» ብለው ጽፈው ለሰው ይቸበችቡታል። ይቺ ብልጠት ታናድደኛለች! የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2023 የደህንነት ስጋት አለባቸው ካላቸው ንጥረ ነገሮች ጋር መድቦታል።

የምታሠለጥናቸውን ልጆችም አስብ እንጂ። ዋዳ (በስፖርት አበረታች መድኃኒትን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ድርጅት) እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ ነው። አሠልጣኛቸው ሲወጋ እያዩ እነሱን ምን ብለህ ትከለክላቸዋለህ?

ይልቅ መጀመሪያ ሐኪም ይይህ፤ ጅማቱ ተቀዶ እንዳይሆን። ካልተቀደደ የስዊድኑ ሐኪም አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመውን እንቅስቃሴ ፊዚዮቴራፒስት ያሳይህ። ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣቶችህ ትቆምና ተረከዝህን ቀስ አድርገህ ወደ ታች ትለቃለህ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። ያሰለቻል። አንተ ደግሞ ቁጭ ብለህ መጠበቅ አትወድም፣ አውቅሃለሁ። ግን የተሞከረው በሰው ላይ ነው።

በሚመጣው ሰው የመሮጫ ጫማ እልክልሃለሁ። ቁጥርህን ጻፍልኝ፤ ሐኪሙ ያለህንም ጨምር።

ወንድምህ