ደብዳቤ ለልጄ፦ ፊዚካል ኬሚስትሪሽን ይዘሽ ወደ ቫይረስ ግቢ

ጅማ፣ ጥቅምት 14

ይድረስ ለልጄ ለሐያት፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። አማካሪሽ የሁለተኛ ዲግሪ ርዕስሽ የቫይረስ ልባስ (ዘሩን የሚሸፍነው የፕሮቲን ቅርፊት) ራሱን በራሱ እንዴት እንደሚገጣጥም ይሁን ማለቱን ጽፈሽልኛል። «ፊዚካል ኬሚስትሪን ትቼ ባዮሎጂ ልገባ ነው ወይ?» ላልሽው፣ የለም፣ የምትተዪው ነገር የለም። ይልቅ ሁለተኛ ዓመት ላይ «ይህ ምን ይሠራልኛል» ስትይ የነበረውን ሁሉ አሁን ትፈልጊዋለሽ።

ነገሩ ከመነሻውም የኬሚስቶች ነበር። ዌንደል ስታንሊ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስን በ1935 ክሪስታል አደረገው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢልኝ)፣ በ1946 የተሸለመውም የኬሚስትሪ ኖቤል ነው። በ1955 ፍራንከል-ኮንራትና ዊሊያምስ በርክሌይ ላይ የዚህኑ ቫይረስ ፕሮቲንና አር.ኤን.ኤ ለየብቻ አጥርተው መልሰው ቢቀላቅሏቸው፣ ቅጠል የሚያሳምም ቫይረስ ተሠርቶ ተገኘ። 2,130 ፕሮቲኖች 6,400 ገደማ ኑክሊዮታይድ ባለው አር.ኤን.ኤ ላይ እየተደረደሩ 300 ናኖሜትር ርዝመት፣ 18 ናኖሜትር ውፍረት ያለው በትር ይሆናሉ። ኤ.ቲ.ፒ (የሕዋስ የጉልበት ምንጭ) የለ፣ ኢንዛይም የለ። ባፈሩ (ፒኤቹን የሚጠብቀው የጨው ውሃ) ልክ ከሆነ ይበቃል።

የዊሊያም ጌልባርትን የምርምር መንገድም ተመልከቺ። ሰውዬው ሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የቲዎሪ ኬሚስት ነው፤ ለዓመታት የሠራው በፈሳሽ ክሪስታሎችና እንደ ሳሙና ውሃ ውስጥ በሚሰባሰቡ ሞለኪውሎች ላይ ነበር። ወደ ቫይረስ ሲመጣ የባዮሎጂስት ጥያቄ አልጠየቀም። ላምዳ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያጠቃ ቫይረስ 48,500 ጥንድ ቤዝ ያለው፣ ቢዘረጋ 16 ማይክሮሜትር የሚሆን ዲ.ኤን.ኤ 60 ናኖሜትር ገደማ በሆነ ራስ ውስጥ ጠቅጥቆ ይይዛል። ውስጡ ምን ያህል ግፊት አለ? እነ ጌልባርት በ2003 ባወጡት ሙከራ ቫይረሱን ፖሊኤትሊን ግላይኮል የሚባል ፖሊመር በተሟሟበት ውሃ ውስጥ ከተቱት፣ በባክቴሪያው ተቀባይ ፕሮቲን አማካይነት እንዲከፈት አደረጉት፣ ከዚያ የፖሊመሩን መጠን እየጨመሩ ሄዱ። የውጪው የኦስሞሲስ ግፊት ወደ 20 አትሞስፌር ሲደርስ ዲ.ኤን.ኤው መውጣቱን አቆመ። ግፊት መለኪያ ውስጡ ማስገባት ሳያስፈልግ ግፊቱን አነበቡት። በስኳር ውሃና በከረጢት የተማርሽው ኦስሞሲስ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሁን ወደ ራስሽ ሥራ። ካስፓርና ክሉግ በ1962 እንዳሳዩት፣ ክብ መሳይ ልባሶች የፕሮቲናቸው ብዛት 60 በተወሰኑ ቁጥሮች እየተባዛ ይሠራሉ፤ 60፣ 180፣ 240 እያለ ይሄዳል። የጉበት በሽታ ቢ ቫይረስ ውስጠኛ ልባስ በአብዛኛው 240 ፕሮቲን ነው፤ እነዚህም 120 ጥንዶች ሆነው ነው የሚመጡት። እያንዳንዱ ጥንድ ከጎረቤቶቹ ጋር በ4 ቦታ ይነካካል፣ በጠቅላላው 240 ንክኪ ማለት ነው። ተመራማሪው አዳም ዝሎትኒክ እንደለካው የአንዱ ንክኪ ጉልበት ከ3 እስከ 4 ኪሎካሎሪ በሞል ብቻ ነው። 3.5 ብለሽ በ25 ዲግሪ አስዪው፤ የሁለት ቁራጮች መፈታቻ ኮንስታንት 3 ሚሊሞላር ገደማ ይወጣልሻል። ይህ እጅግ ልል ነው፤ ሁለቱ ብቻቸውን ቢሆኑ አይቆዩም። በ240 ስታበዢው ግን 840 ኪሎካሎሪ ነው፣ ያለቀው ልባስ በቀላሉ አይፈርስም።

ተማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ንክኪው ቢጠነክር ሥራው የሚፈጥን ይመስላል። ጨው ይጨምራል፣ ሙቀት ይጨምራል (ለዚህ ቫይረስ ሁለቱም ንክኪውን ያጠነክራሉ)፣ ከዚያ ጄሉ (ቅንጣቶችን በመጠን የሚለየው) ላይ የሚያየው የተዝረከረከ ነገር ነው። ምክንያቱም ጅምሩ ይበዛል፤ ሃምሳ ቤት ባንዴ ጀምሮ ቆርቆሮው ለአሥሩ እንኳ እንዳልበቃው ሰው ይሆናል። ነፃ ፕሮቲን ያልቃል፣ ግማሽ ልባሶቹ እርስ በርስ አይገጥሙም፣ የተሳሳተው ቁራጭም ተላቆ እንደገና አይሞክርም። ልል ንክኪ የሚጠቅመው ስሕተት እንዲፈታ ነው። ልባሶቹ ሲሠሩ የሚበትኑትን ብርሃን በሚለካው መሣሪያ ላይ ጤነኛው ኩርባ መጀመሪያ ዝግ ይላል፣ ከዚያ ይወጣል፣ ከዚያ ይረጋል። ገና ስትቀላቅዪ ዘሎ ከወጣ አትደሰቺ።

ለመለማመጃ ያሰብሽው የአደንጓሬ ዘመድ የሆነ ተክል የሚያጠቃው ትንሹ ቫይረስ ጥሩ ምርጫ ነው። ሰው አይዝም፣ 180 ፕሮቲንና 28 ናኖሜትር ነው፤ ባንክሮፍትና ሂበርት ከ1967 ጀምሮ አፍርሰው መልሰው ሠርተውታል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ለማፍረስ 0.5 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ፣ ፒኤች 7.5፣ በ4 ዲግሪ አንድ ቀን ዲያሊሲስ (ትናንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ በሚያሳልፍ ከረጢት ባፈሩን መቀየር)። ጨው ፕሮቲኑን ከአር.ኤን.ኤው ያላቅቀዋል፣ ካልሲየሙ ደግሞ አር.ኤን.ኤውን ያዘቅጠዋል። በአልትራሴንትሪፉጅ አዙሪና የላይኛውን ውሰጂ። ወደ 1 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ ፒኤች 7.2 አሻግሪው፤ 1 ሚሊሞላር ዲ.ቲ.ቲ (ፕሮቲኑን ከኦክሲዳይዝ መሆን የሚጠብቅ ውህድ) ጨምሪበት፣ ግን በዕለቱ፤ ባፈር ውስጥ ቆይቶ የከረመ ዲ.ቲ.ቲ ኦክሲዳይዝ ሆኖ ከንቱ ነው። ከዚያ በ280 ናኖሜትር ብርሃን ያነበብሽውን በ260 ላነበብሽው አካፍዪ። ከ1.5 በታች ከሆነ አር.ኤን.ኤ ቀርቶበታልና አትቀጥዪ።

ትሪስ ባፈር ሲቀዘቅዝ ፒኤቹ በአንድ ዲግሪ 0.03 ገደማ ይወጣል። በ25 ዲግሪ 7.2 ያደረግሽው በ4 ዲግሪ 7.8 ነው። ፒኤቹን በምትሠሪበት ሙቀት አስተካክዪ፤ ብዙ «አልሠራም» የተባለ ሙከራ ጥፋቱ ይኸው ነው።

ለመገጣጠም፦ አር.ኤን.ኤ በ260 ናኖሜትር ላይ 1 ሲያነብ 40 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ነው። በክብደት 6 እጅ ፕሮቲን ለ1 እጅ አር.ኤን.ኤ ቀላቅዪ፤ ለ10 ማይክሮግራም 60 ማለት ነው። ለምን 6? 3,000 ኑክሊዮታይድ ያለው አር.ኤን.ኤ 3,000 ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፣ ክብደቱም 1 ሚሊዮን ዳልተን ገደማ ነው። ፕሮቲኑ 20,000 ዳልተን ሆኖ ጭራው ላይ 10 ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዟል። 6 እጅ ማለት 300 ፕሮቲን፣ 3,000 ፖዘቲቭ፤ ልክ ተመጣጠነ። ልባሱ የሚፈልገው 180 ብቻ ነው፣ የቀረው ትርፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ቀንሰሽ ብትገቢ ከፊሉ አር.ኤን.ኤ ሳይታሸግ ይቀራል። ይህን ያገኙትም እነ ጌልባርት ናቸው። ከ4,500 ኑክሊዮታይድ በላይ የሆነ አር.ኤን.ኤ ብትሰጪው ሁለትና ሦስት ልባስ አንድ ሞለኪውል ተካፍለው ታያለሽ፣ ብልሽት መስሎሽ እንዳትጥዪው።

ቅልቅሉን መጀመሪያ በ1 ሞላር ጨው፣ ከዚያ በዲያሊሲስ ወደ 50 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ 10 ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 5 ማግኒዚየም ክሎራይድ፣ ፒኤች 7.2፣ ሌሊቱን በሙሉ። ፕሮቲኑ አር.ኤን.ኤውን ይይዛል፣ ቅርጹ ግን ገና ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ ፒኤቹን ወደ 4.5 አውርጂ፤ ልባሱ የሚገጥመው ያኔ ነው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጪ። ጨው ከፍ እንዳለ አሲድ ካደረግሽው ፕሮቲኑ አር.ኤን.ኤውን ውጭ ትቶ ባዶ ልባስ ይሠራል። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ላይ ቆንጆ ክብ ስላየሽ ተሳካ አትበዪ፤ ባዶዎቹን ማቅለሚያው መሃላቸው ገብቶ ጠቆር ያደርጋቸዋል። አር.ኤን.ኤ ቆራጭ ኢንዛይም ጨምረሽ የቀረውን በጄል እዪ።

የዚያ ኢንዛይም ዘመድ ቆዳሽ ላይም ስላለ ጓንት ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነው ማሽን) አይገድለውም። ከኦቶክሌቭ ካነሳን፣ እዚህ ጅማ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ አዲስ አበባ 92። የውጪ መጽሐፍ «95 ዲግሪ አሙቂ» ቢልሽ በፈላ ውሃ አታገኚውምና የብረት ማሞቂያውን ተጠቀሚ። የኦቶክሌቩ ግፊት መለኪያ 15 ፒ.ኤስ.አይ ሲልም ውስጡ 121 ዲግሪ አልደረሰም፤ ቴርሞሜትሩን እመኚ።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ለሚሉሽ፣ ከ2011 ዓ.ም. (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ጀምሮ እዚህ አገር ለልጃገረዶች የሚሰጠውን የማህፀን በር ጫፍ ካንሰር ክትባት ጥቀሺ። 72 ባለ አምስት ቁራጮች፣ 360 ፕሮቲን፣ ምንም ዘር የሌለበት ልባስ ነው። እርሾ ውስጥ የተመረተው ቅንጣት ሲጠራ ፈርሶ መልሶ ይገጣጠማል፣ ያኔ ይበልጥ ይረጋል። አንቺ ልትሠሪ ያሰብሽው ዓይነት ሥራ ነው።

መብራት ቢጠፋ በቀዝቃዛው ክፍል አትተማመኚ። ለ0.2 ሚሊሊትር ናሙና ዲያሊሲስ 500 ሚሊሊትር ባፈር ይበቃል፤ በክትባት መያዣ ሳጥን ውስጥ በረዶ ከበሽው ያድራል። ባፈሩን የቀየርሽበትን ሰዓት በደብተር ጻፊ። የመጠን ሠንጠረዥሽን ከመቀላቀልሽ በፊት ላኪልኝ፤ የፕሮቲኑን ኮንሰንትሬሽን በምን እንደለካሽ አብረሽ ግለጪ፣ 6 ለ1ን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ እርሱ ነውና።

እናትሽ