አባባ እንዴት እንደሚቀሰቀስ

ውድ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ከተጠፋፋን ስንት ዘመን! እሱን ስትመጪ ቡና ላይ እንወቃቀስበታለን። ዛሬ የቤታችንን ነገር ላዋይሽ ነው።

አባባን ታስታውሺዋለሽ። እኛ ቤት ስታድሪ እናቴ «ተኝቶ እንዳትነኩት» ትለን ነበር። እሷ ራሷ ስትቀሰቅሰው በር ላይ ትቆማለች። ስሙን ትጠራና በመጥረጊያው እንጨት የአልጋውን እግር ኳ ኳ ታደርጋለች። አንድ ቀን ቀርባ ብትነካው አንገቷን አንቆ ነው የነቃው። እኛ ያኔ እንስቅ ነበር። የሰው አባት ሁሉ እንደዚያ የሚቀሰቀስ መስሎን ይሆናል።

ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ነበር፣ የደርግ ጦር ናደው ዕዝ። መጋቢት 1980 ዕዙ ሲደመሰስ ዳሌው ላይ ፍንጣሪ ይዞ ወጣ። ፍንጣሪው ዛሬም እዚያው ነው፤ ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ይጠዘጥዘዋል። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ያለ ጡረታ ቀረ። ዘበኝነትም፣ የቀን ሥራም፣ ያገኘውን ሠራ። ስለ ጦርነቱ ግን ቁጭ ብሎ አውርቶን አያውቅም። ለቡሄ የጎረቤት ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ ብድግ ብሎ ጓዳ ይገባል። የነገረን ያንን ብቻ ነው።

የሚገርምሽ፣ በጥቅምት 2014 በኩታበርና በቦሩ ሜዳ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ እኛ ግድግዳ ስር ተኮልኩለን ስንንቀጠቀጥ እሱ ተረጋግቶ ቁጭ አለ። «ይሄ መድፍ ነው፤ ይሄ ሞርታር ነው» እያለ ይለይልናል። ጅራፍ የሚያስበረግገው ሰውዬ! ያን ሰሞን እንቅልፉም ደህና ነበር። የባሰበት ኅዳር 27 የመንግሥት ጦር ተመልሶ ከገባ በኋላ፣ ከተማው ጸጥ ሲል ነው። ይሄ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ታናሽ ወንድሜም ያኔ ነው የዘመተው። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በ2015 ተመለሰ። እጅ እግሩ ሙሉ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ «እንኳን ደህና መጣላችሁ» አለን። ደህና እንኳ አልመጣም። ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥም። ፒያሳ አብረን ስንወርድ ዓይኑ ፎቅ ለፎቅ ነው። በትንሽ ነገር ይጮኻል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ዝም። ከነሚስቱ እኛው ግቢ ሰርቪሱ ውስጥ ነው ያሉት። ትንሿ ልጁ የእሱን ኮቴ ስትሰማ መጫወቻዋን ሰብስባ እኔ ጋ ትመጣለች። ማንም አላስተማራትም።

ባለፈው ሚስቱ ከንፈሯ አብጦ መጣች። በእንቅልፍ ልቡ ነው። እናቴ ምንም አልጠየቀቻትም። መጥረጊያውን አንስታ በር ላይ አቆመቻት። «እዚህ ትቆሚያለሽ። በእግሩ በኩል። መጀመሪያ ስሙን፣ ከዚያ እንጨቱን።» ወጥ አሠራር እንደምታሳያት ነበር የምትነግራት። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላውን ጥዬ ወጣሁ። በማን እንደተናደድኩ እንጃ።

ጎረቤቱ «ዱዓ ይደረግለት» ይላል። ዱዓው ይደረግ፣ እኔም አደርጋለሁ። ግን ሕክምና አለው፤ ምክሩም፣ መድኃኒቱም። አባባን ያኔ «ሐኪም ጋ ሂድ» ያለው ሰው አልነበረም።

አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የምታውቂው ሰው ነበረሽ አይደል? ከዚህ ሪፈር ማጻፍ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ተመላላሽ ከሆነም በየስንት ጊዜው እንደሚቀጥሩ ጠይቂልኝ። እዚህ ደሴማ አብሮት የዘመተ ሰው ካርድ ክፍል እንዳያየው ይፈራል። እሺ ያለኝ በስንት ልመና ነው፤ ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ መልሺልኝ። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደውዪ፤ ቀን ቀን አጠገቤ ነው የሚውለው። ለጥቂት ቀን አንቺ ጋ ማረፍ ይችል እንደሆነም ይሉኝታ ሳይዝሽ ንገሪኝ።

እህትሽ
ከደሴ