«ከጠዋቱ» የምትለው ቃል የት ገባች?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ወር ልጄ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርታ ነበር። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ የሚካሄድ ስለነበር ከጅማ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አላስፈለጋትም፤ የተቋሙ የመልእክት መላኪያ ሥርዓት «ክብርት አመልካች» ብሎ ጀምሮ ሐሙስ 9፡00 ላይ በሊንኩ እንድትገባ አሳወቃት። በቤታችን 9 ሰዓት ማለት ከምሳ በኋላ ስለሆነ፣ ልጅቷ ከ8 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለባብሳ፣ ስልኳን ከመጻሕፍት ጋር አስደግፋ፣ ታናናሾቿ ቴሌቪዥን እንዳይከፍቱ አስጠንቅቃ ተቀመጠች። ሰዓቱ ደርሶ ሊንኩን ስትነካው ስብሰባው መጠናቀቁን ነገራት። ደውላ ስትጠይቅ ቀጠሮው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር ተባለች።

በውጭ አገር ለተሠሩ አፕሊኬሽኖች ይህን ያህል ቅር አልሰኝም። ጎረቤቴ ሐጂ በስልካቸው የሶላት ሰዓት ሲያዩ ለዙህር 12፡30 ገደማ የሚል ይወጣላቸዋል፤ እርሳቸውም ስድስት ቀንሰው 6 ሰዓት ተኩል ብለው ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። እኔም 30 ዓመት ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ስድስት መቀነስ አያቅተኝም። የሚከነክነኝ እዚሁ አገር፣ በአገር ልጆች ተሠርቶ በአማርኛ የሚያናግረን ሥርዓት፣ ቃሉን ተርጉሞ ቆጠራውን እንዳለ መተዉ ነው። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ አንድ ሌላ መልእክት «ከሰዓት 2፡30» የሚል ቀጠሮ ሰጥቶኝ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ የሚባለው ከ7 እስከ 11 ያለው ነው እንጂ በእኛ ዘንድ ከሰዓት 2፡30 የሚባል ጊዜ የለም፤ ቢያንስ ይህኛው ስሕተቱን ራሱ ያጋልጣል። ጅማ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ነው፤ ነዋሪውም አማርኛ ይናገር አፋን ኦሮሞ፣ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ለዚህ ሕዝብ «9፡00» ብቻ ብሎ መጻፍ ግማሽ መልእክት መላክ ነው።

ይህን ቅሬታ በሶፍትዌር ሙያ ላይ ላለ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሳነሳለት፣ ነገሩ የቦታ ጥበት ነው ሲል አስረዳኝ። አንድ አጭር የስልክ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚወስድ የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል፣ ሂሳቡም እንደዚያው። ስለዚህ ተቋማት ቃል ይቆጥባሉ። ምክንያቱ እውነት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን «ከጠዋቱ» አራት ፊደል ናት፤ «ክብርት አመልካች» የሚለው ክፍተቱን ጨምሮ አሥር ቦታ ይወስዳል። ልጄ ክብርት መባሉ ቀርቶባት ሰዓቱን ብታውቅ ትመርጥ ነበር።

የእድራችን ጸሐፊ ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያልተማሩ አዛውንት ናቸው። ማስታወቂያው በጥሩምባ መለፈፉ ቀርቶ በቴሌግራም ከሆነ ወዲህም «ቀብር ከቀኑ በ9 ሰዓት» ብለው ነው የሚጽፉት። እስካሁን በሰዓት ስሕተት ከቀብር የቀረ አባል የለንም።

የቀኑ ጉዳይ ደግሞ ከሰዓቱ ይብሳል። እኔ የተወለድሁት ጳጉሜ 6 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው፤ በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ቀን መሆኑ የእኔ ጥፋት አይደለም። ገንዘብ ማንቀሳቀሻ አፕሊኬሽን ለመክፈት ስሞክር የወሮቹ ዝርዝር አሥራ ሁለት ብቻ፣ ስማቸውም በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ሆኖ አገኘሁት። አስልቼ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1959 ብዬ ሞላሁ፤ ልክ ነበር። መረጃው የተላለፈለት ሌላ ተቋም ግን ሴፕቴምበር 11 ሁልጊዜ መስከረም 1 ነው ብሎ ስላመነ፣ በእርሱ መዝገብ የተወለድሁት መስከረም 1 ቀን 1952 ሆነ። ጳጉሜ ስድስት ቀን ስትሆን እንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 12 እንደሚውል ያሰበለት ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ «መረጃዎ አይዛመድም» የሚለውን መልስ ይዤ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ በሦስተኛው ቀን መስኮት ላይ የነበረችው ልጅ «አባባ፣ ለምን በቃ መስከረም 1 አይሉትም?» አለችኝ። በቅንነት ነው ያለችው፤ ነገር ግን የልደት ቀኔን ለኮምፒውተር ስል የምቀይርበት ምክንያት አልታየኝም።

ሥራው የማይቻል ቢሆን ዝም ባልሁ። የዩኒኮድ ማኅበር ለሶፍትዌር ሠሪዎች በነፃ በሚያቀርበው የቋንቋዎች መረጃ ውስጥ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ወሮቹን ይዞ ተቀምጧል፤ የቀድሞ ተማሪዬም ይህን አልካደም፣ «የሚጠይቅ ደንበኛ የለም» ነው ያለኝ። እንግዲህ ይህ ደብዳቤ ጥያቄ ሆኖ ይቆጠርልኝ፤ በቀጠሮ መልእክት ላይ ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ የሚለው ይጻፍ፣ የልደት ቀን መሙያው ላይ አሥራ ሦስተኛዋ ወር ትግባ።

ልጄ በዚህ ሳምንት ለሌላ ቃለ መጠይቅ ተጠርታለች። መልእክቱ «ረቡዕ 10፡00» ይላል። ለማጣራት ሁለት ቀን ሙሉ ብትደውልም የሚያነሳላት አላገኘችም፤ ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት በ4 ሰዓት ለብሳ ትቀመጣለች፣ ካልተሳካ ከሰዓት በ10 ሰዓት እንደገና።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ ከጅማ