ለልጄ፦ ስለዚያ ሰንጠረዥ

ልጄ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የክፍል ኃላፊ መምህርህ ለአክስትህ ደውለው የነገሯትም ደርሶኛል። ስለ ኳሱ፣ ስለ ጉንፋንህና ስለ አዲሱ ጫማህ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈህልኛል። የትምህርት ቤቱን የውጤት ሰንጠረዥ አትመህ ደብተርህ ላይ እንደለጠፍከው ግን አንድ መስመር አልጻፍክልኝም። አጠገብህ የሚቀመጠውን ልጅ በክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት «አማካያችንን የምታወርዱት እናንተ አዲሶቹ ናችሁ» እንዳልከውም አልነገርከኝም። ልጁ መልስ አልሰጠህም አሉ። ደብተሩን ሰብስቦ መቀመጫ ቀየረ።

ተቆጥቻለሁ። ጉንፋንህ እንዴት ሆነ ብዬ ሳልጠይቅ የጀመርኩትም ለዚህ ነው። ሰውን በሰንጠረዥ ረድፍ አትጥራ።

ከመወለድህ በፊት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል እሠራ እንደነበር ታውቃለህ። ቤታችን ውስጥ ስለ ሰንጠረዥ ከእኔ በላይ የሚናገር የለም። አባትህ እስከ ዛሬ መቶኛንና የመቶኛ ነጥብን አይለይም፤ ይህን አንብብለት። ስለዚህ እርሳስ አንሣና ከእኔ ጋር አስላ።

አምና 100 ልጆች ተፈተኑ እንበል። 80ዎቹ ነባር ናቸው፣ አማካያቸው 70። 20ዎቹ የማስተማሪያውን ቋንቋ ገና እየለመዱ ያሉ አዲሶች ናቸው፣ አማካያቸው 50። የሁሉም አማካይ 66 ይመጣል። ዘንድሮም 100 ልጆች ተፈተኑ፤ ነባሮቹ ግን 60 ሆነዋል፣ አማካያቸውም 72። አዲሶቹ 40 ሆነዋል፣ አማካያቸው 53። ደምረህ አካፍል፤ 64.4 ታገኛለህ። ነባሮቹ 2 ነጥብ ጨምረዋል፣ አዲሶቹ 3 ነጥብ ጨምረዋል፣ ጠቅላላው ግን 1.6 ወርዷል። የሰነፈው ማን ነው? አክስትህ የአንተን ሰንጠረዥ ፎቶ አንሥታ ልካልኛለች። ነገሩ ከዚህ ብዙም አይለይም፤ የአዲሶቹ ረድፍ ከአምናው ከፍ ብሏል። አንተ ያነበብከው የታችኛውን መስመር ብቻ ነው።

ትምህርት ቤትን መመዘን ካማረህ፣ ያንኑ ልጅ ከ6ኛ ክፍል እስከ 8ኛ ተከትለህ ምን ያህል እንደተራመደ እይ። የአንድ ዓመት አማካይ በአብዛኛው የሚነግርህ በበሩ ማን እንደገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ጄምስ ኮልማን የመሩት ጥናት ከ600,000 በላይ ተማሪዎችን መርምሮ፣ የውጤትን ልዩነት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተሰብ ሁኔታ በእጅጉ እንደሚያብራራው አሳይቷል። አንተ 6ኛ ክፍልን ስታልፍ እኔ ማታ ማታ አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። ያ ልጅ አጠገቡ ማን እንደሚቀመጥ ጠይቀኸው ታውቃለህ?

ሜዳ ላይ አቀላጥፎ ሲናገር ትሰማዋለህና ፈተና ላይ ሰነፍ መስሎህ ይሆናል። የካናዳው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ ይህን ለይተው አሳይተዋል። አዲስ ቋንቋ ለጨዋታ ሁለት ዓመት ገደማ ይበቃዋል፤ ለመማሪያ መጽሐፍና ለፈተና ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል። ልጁ ከመጣ ስንት ዓመቱ ነው? ቁጠር።

ውጤት በቡድን በቡድን እየተለየ መውጣቱ ራሱ ለምን እንደሆነ አታውቅም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀው ሕግ ትምህርት ቤቶች የድሆችን፣ የአካል ጉዳተኞችንና ቋንቋ ለማጆችን ውጤት ለየብቻ እንዲያወጡ ያስገደደው፣ በጥሩ አማካይ ጀርባ የተረሱ ልጆች እንዳይደበቁ ነው። ቢያንስ 95 በመቶው ተማሪ እንዲፈተንም አዘዘ፤ ደካማ የተባለው ልጅ በፈተና ቀን ቤቱ እንዳይውል። ረድፉ የተሠራው መምህራን ማንን ማገዝ እንዳለባቸው እንዲያዩ ነበር። አንተ በእሱ ልጅ ከመቀመጫው አስነሣህበት።

አሁን ለአባትህም በደንብ ነግሬው የማላውቀውን ልንገርህ።

ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት የ8ኛ ክፍልን ውጤት በቡድን ለይቼ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። መስመሩን በማስመሪያ አስምሬ፣ ቁጥሩን በሁለት ቀለም ጽፌ፣ ኮርቼበት ነበር። ከታች አንዲት ረድፍ ነበረች፦ አዲስ የገቡ፣ የተፈተኑ 3፣ ያለፉ 0። ዛሬ ብዙ የትምህርት ቢሮዎች እንዲህ ጥቂት ልጆች ያሉበትን ረድፍ በኮከብ ምልክት ይሸፍኑታል፤ ማን እንደሆኑ ስለሚታወቅ። እኔ አላሰብኩትም፤ የነገረኝም የለም። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት።

ከሦስቱ አንዱ ከሰሌዳው ፊት ቆሞ አገኘሁት። ጣቱን ከዜሮዋ ላይ አድርጎ፣ «ይህ እኔ ነኝ?» አለኝ። የቁልፍ መያዣዬን እያሽከረከርኩ «ቁጥር ነው፣ ወደ ክፍልህ ግባ» አልኩትና አለፍኩ። ወረቀቱ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ዋለ፤ ማንሣት እችል ነበር፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር። ልጁ ወደ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አልተመለሰም። በዚያ ምክንያት ይሁን በሌላ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከመዝገቡ ላይ በቀይ ቀለም የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

ስሙን በገዛ እጄ በመዝገብ፣ በካርድ፣ በፈተና ዝርዝር ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ዛሬ ትዝ የሚለኝ ረድፉ ነው። ሰውን በረድፍ አትጥራ የምልህ ለዚህ ነው እንጂ ካንተ የተሻልኩ ሆኜ አይደለም።

ወደ አንተ ልመለስ። ሒሳብህ ከ81 ወደ 58 መውረዱን ከካርድህ አይቻለሁ። በራስህ ስሌት ከሄድን አማካዩን ካወረዱት አንዱ አንተ ነህ፤ በየትኛው ረድፍ ልጻፍህ? አይዞህ የኔ ጌታ፣ ለመቅጣት አይደለም። ወደ መካከለኛ ደረጃ ሲሸጋገሩ የሚንሸራተቱ ልጆች ብዙ ናቸው፤ መምህሩ በየትምህርቱ ይለዋወጣል፣ የሚያውቅህ ሰው ይቀንሳል። ደግሞ አክስትህ ቴሌቪዥን ስታይ ዓይንህን እንደምታጨናብስ ነግራኛለች። ከኋላ ተቀምጠህ ሰሌዳው እየደበዘዘብህ ከሆነ ለምን ዝም አልክ? ሰኞ ዓይንህን ትመረመራለህ። መነጽር ከታዘዘልህ ታደርጋለህ፤ ማንም ቢስቅብህ ታደርጋለህ። ስልኩ ማታ በአክስትህ ክፍል ያድራል። ክፍልፋይን ከ6ኛ ክፍል ደብተርህ ጀምረህ ሥራ፤ ሰማያዊው ደብተር ከአልጋው ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ ነው። ጉንፋኑ ካልለቀቀህም ለአክስትህ ንገራት፣ አትደብቅ።

ሰንጠረዡን ከደብተርህ ላይ አንሣ። ልጁን በክፍል ፊት ነው የተናገርከው፤ ይቅርታውንም በክፍል ፊት ጠይቀው። በጓሮ የሚነገር ይቅርታ አልቀበልህም። መቀመጫው ተመልሶ አጠገብህ እንዲሆን መምህርህን አንተው ራስህ ለምናቸው፤ እሳቸው እሺ ካላሉ በእረፍት ሰዓት ሂድና አጠገቡ ተቀመጥ።

አንድ ነገር ደግሞ። በደብዳቤህ ውስጥ ስለ ኳሱ ስትጽፍ «ከአዲሶቹ አንዱ ጎል አገባ» ብለሃል። እሱ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። በሚቀጥለው ደብዳቤህ ስሙን ከነአባቱ ጻፍልኝ።

እናትህ