ጨው የሌለበት በርበሬ

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እኔ አሁን ደህና ነኝ፤ ልጁም ሆዴ ውስጥ ይራገጣል። ልታርሺኝ ከመምጣትሽ በፊት በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር ስላለ ነው የምጽፍልሽ። በስልክ ብነግርሽ ሁለታችንም አልቅሰን ሳንጨርሰው እንቀራለን።

በሰባተኛው ወር እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ፤ ራሴንም ይወቅረኝ ነበር። ክትትል ስሄድ ግፊቴ 150 በ100 ሆኖ ተገኘ። አዋላጇ ብዙ ጠያየቀችኝና በመጨረሻ «ወጥ የምትሠሪበት ውሃ ከየት ነው?» አለችኝ።

ለመጠጥ የታሸገ እንገዛለን። ለወጡ፣ ለሻዩና ለቡናው ግን የግቢያችንን ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ ነበር የምቀዳው፤ ከፈላ ምን ያደርገኛል እያልኩ። ለካ ማፍላት ተውሳኩን ይገድላል እንጂ ጨውን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ጨውነቱ ይብሳል።

ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ከተማው የኖረው ከመሬት ሥር በሚሳብ ውሃ ነው፤ ከሚተካው በላይ ሲሳብ ደግሞ ባሕሩ ከሥር እየሰረገ ይገባል። በ2009 ከእኛው አገር ከአዲጋላ ውሃ በቧንቧ መጣ፤ በ2013 ዶራሌ ላይ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የሚያመርት የባሕር ውሃ ማጣሪያ ተከፈተ። የእኛ ሰፈር ቧንቧ ሲጠፋ ግን ሰው ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ነው። ምላስ ደግሞ ይለምዳል። የመጣሁ ሰሞን ያንገሸገሸኝ ውሃ በኋላ ጨው እንዳለበት እንኳ አይታወቀኝም ነበር።

ግፊቱን ያመጣው ውሃው ብቻ ነው አልልሽም፤ አዋላጇም እንዲያ አላለችም። ነገር ግን ባንግላዴሽ ውስጥ ዳኮፕ በሚባል ባሕር ዳርቻ አካባቢ ያሉ ነፍሰ ጡሮች በበጋ፣ የሚጠጡት ውሃ ጨው ሲበረታበት፣ ከክረምቱ ይልቅ ግፊት እንደሚበዛባቸው ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። ያን ካነበብኩ ወዲህ እነዚያ ሴቶች ከሐሳቤ አልወጡም። እኔ ሱቅ ሄጄ ውሃ እገዛለሁ። እነሱ ያጠራቀሙት የዝናብ ውሃ ሲያልቅ ያው ወደ ኩሬውና ወደ ጉድጓዱ ነው የሚመለሱት።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ያንቺ ግፊት ከኔ ይልቅ የቆየ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። አንቺ ወጡ ላይ፣ በርበሬው ላይ፣ ቡናው ላይ ሳይቀር ትጨምሪያለሽ። እባክሽ እማዬ፣ የምታመጪልኝን በርበሬ ጨው ሳታስገቢ አስፈጪው። መድኃኒትሽንም የሚበቃሽን ያህል ያዢ፤ «ተሻለኝ» ብለሽ እንደ አምናው እንዳታቋርጪው።

ቡናሽን በታሸገ ውሃ አፈላልሻለሁ። ጨው ግን አላቀርብልሽም። ትቆጪኛለሽ፣ አውቃለሁ፤ ተቆጪኝ።

የባቡሩን ቀን እንደቆረጥሽ ደውዪ፤ ባለቤቴ ነጋድ ጣቢያ ወጥቶ ይጠብቅሻል።

ልጅሽ