ቦረቦሩ ማሳችንን ሳይጨርሰው

ወገኖቼ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ማክሰኚት አካባቢ ያደገ ሰው ቦረቦር ሲባል ምን እንደሆነ ያውቃል። በልጅነቴ ዘልለን የምንሻገረው ቦይ ዛሬ በሬ ቢገባበት አይወጣም። ዳር ዳሩ በየክረምቱ ይናዳል፤ ከጤፉም ከሽምብራውም መሬት እየቆረሰ ይሄዳል።

ነገሩ የሚጀምረው ከላይ ነው። ተዳፋቱ ሲራቆት የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ መሬት ውስጥ አይሰርግም፤ ለሙን አፈር ይዞ ይወርዳል። ገበሬው ውሃ እንዳይተኛበት ፈሰስ (የውሃ መውረጃ ቦይ) ያወጣል። ፈሰሱ ቁልቁል ከወጣ ግን ጎርፉ ጉልበት አግኝቶ የታችኛው ጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል። ከዚያ ጉማራ ወንዝ፣ ከዚያ ጣና ሐይቅ ይገባል። የጎንደር ከተማ ሰውም ቢሆን ይነካዋል፤ ውሃ የሚጠጣበት የአንገረብ ግድብ በደለል የተጎዳው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህን ለመግታት ተዳፋቱ ላይ እርከን መሥራት ያስፈልጋል። "እርከን መሬት ይበላል" የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይበላል። ተዳፋቱ በጨመረ ቁጥር እርከኖቹ ይቀራረባሉ። በሬ ማዞር ያስቸግራል፣ አይጥም ይደበቅበታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ላይጨምር ይችላል፤ ይህን ደብቀን እርዱን አንልም። ግን ከእርከኑ በላይ አፈር ይጠራቀማል፣ እርጥበትም ይቆያል። ዝናቡ ቀድሞ የወጣ ዓመት ልዩነቱ ማሽላው ላይ በዓይን ይታያል። እርከኑ ላይ ዝሆኔ ሣር ሲተከልበት ደግሞ ያ የተበላ መሬት ለከብት መኖ ይሆናል።

ድንጋይ አለን፤ ጉልበትም አለን። የሌለን የጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የሚሞላበት ሳጥን፣ ሽቦ ነው። በደረቅ ድንጋይ ብቻ የተካበ ክትር (የጎርፍ ማገጃ ካብ) ትንሹን ቦረቦር ይይዛል። ትልቁን ግን አልቻለም፤ ሰው ስንት ቀን የደከመበትን ክትር ባለፈው ክረምት ጎርፍ ጠርጎ ሲወስደው ቆመን አይተናል። 2 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ቁመት ያለው አንድ ጋቢዮን 2 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይይዛል። ድንጋዩን ለቅመን የምንሞላው እኛ ነን።

ስለዚህ የቻላችሁ ለሽቦና ለችግኝ መግዣ አዋጡ። አይሱዙ ያላችሁ ሽቦውን ከጎንደር አድርሱልን። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆቻችንም አትርሱን። ገንዘቡ በተፋሰስ ኮሚቴው ሒሳብ ይገባል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ ወጪው በዕድር ስብሰባ ላይ ይነበባል። ሥራው የሚጀመረው ጥምቀት እንዳለፈ ነው፤ ሽቦው ከዚያ በፊት ቢደርስልን።